ስለት፣ ጓሮና የልጅ ልጅ፦ የአንዲት አያት ዓመት በሐዋሳ

በማለዳ ልጅዋን ስማ ወደ ሥራዋ የምትገሠግሥ እናት በየከተማችን ብዙ ናት። ሕፃኑን ተቀብላ በሩን የምትዘጋውን አያት ግን አንሥቶ የሚያመሰግናት ሰው ጥቂት ነው። «አያት እያለች ምን ችግር አለ?» ይባላል። ምግቡ ይበስላል፣ ልጁ ይታጠባል፣ ጓሮው ይኮተኮታል፤ ሁሉም በራሱ የሚሆን ይመስላል። ይህ ሁሉ በማን ጉልበት እንደሚሠራ በሚገባ የሚታወቀው አያቲቱ ለጥቂት ቀናት ከቤት የወጣች እንደሆነ ነው።

ለዛሬው አምዳችን ያነጋገርናቸው የ67 ዓመት እናት ነዋሪነታቸው በሐዋሳ ከተማ ነው። በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረችው ሐዋሳ ገና ጥቂት መንገዶች ብቻ በነበሯት ዘመን በሙሽርነት የገቡ፣ አምስት ልጆች ወልደው ያሳደጉ፣ ባለቤታቸውን በሞት ያጡ ሴት ናቸው። ስማቸው በጋዜጣ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እኛም እንደ ሰፈሩ ሰው «እማማ» እያልን እንጽፋለን። ያለፈው 2017 ዓ.ም. እንዴት አለፈ ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ አንድ ዓመት ብቻ አይመስለኝም፤ ስንቱ ነገር ተሠራበት!» በማለት ቡናውን እየቀዱ እንደሚከተለው አጫወቱን።

ስለቱ

ነገሩ የሚጀምረው ከ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው። በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራው የመጨረሻ ልጃቸው ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት አንድ ጽንስ ወርዶባታል። ሰባተኛ ወሯ ላይ ሳለች ሌሊት ደም ታያት። ባለቤትዋ ራሱ በሚነዳት ባጃጅ ወደ ሆስፒታል ሲያከንፋት፣ እማማ ከኋላ ልጃቸውን ደግፈው ተቀምጠው እንዲህ ብለው ተሳሉ፦ «ቁልቢ ገብርኤል፣ ልጄን በሰላም ካገላገልክልኝ የሚመጣው ዓመት ሳያልቅ ጥላ ይዤ ደጅህ እመጣለሁ»።

ሐኪሞቹ ተረባርበው ደሙን አቆሙ፤ ልጅቱም እንድትተኛና ከባድ ሥራ እንዳትነካ ታዘዘች። በመስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። እልልታው ከጎረቤት ጎረቤት ተሻገረ፤ ገንፎው ተገነፋ።

ደስታው ካለፈ በኋላ ግን እማማ በጣታቸው ቀን ሲቆጥሩ አንድ ነገር ገጠማቸው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀንዋ ክርስትና ትነሣለች። የሕፃንዋ ሰማንያ ቀን የሚውለው በታኅሣሥ 19 ነው። ታኅሣሥ 19 ደግሞ የገብርኤል በዓል፣ በቁልቢም ታላቁ የንግሥ ቀን ነው። የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ጥለው ወደ ቁልቢ መሄድ፣ ወይም ስለታቸውን ትተው መቅረት ሆነባቸው። ጨቅላዋን ይዞ ያን ሁሉ መንገድ መጓዝ ደግሞ የማይታሰብ ነው።

እማማ ወደ ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ቢያማክሩ፣ «ስለት ዕዳ ነው፤ ነገር ግን ቁልቢ በዓመት ሁለት ጊዜ ይነግሣል፤ ሐምሌ 19ን አይርሱ» አሏቸው። ዓመቱ ሳያልቅ የተባለው ቃልም በዚሁ ይጠበቃል። እማማም ልባቸው አረፈ።

ክርስትናው በሐዋሳው ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ። ወደ ሐይቁ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የሚገኘው ይህ ቤተ ክርስቲያን ራሱ በታኅሣሥ 19 ከቅርብም ከሩቅም በሚመጣ ምእመን የሚጥለቀለቅ ነው። ጊዜው የነቢያት ጾም ስለሆነ ድግሱ የጾም ነበር፤ ጎመኑና ካሮቱ ከእማማ ጓሮ ተለቅሞ ገበታው ሞላ።

ጓሮው

የእማማ ጓሮ ሰፊ አይደለም። ይሁን እንጂ ባዶ የተተወ ቦታ የለውም። በአጥሩ ሥር ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረትና የጥብስ ቅጠል ተደርድረዋል። መካከሉ የጎመንና የካሮት መደብ ነው። በስተኋላ አንድ አቮካዶና ጥቂት እንሰቶች ቆመዋል።

የግቢው አፈር አሸዋ ስለሚበዛው ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፤ እማማም ለዚህ መፍትሔ ያደረጉት ብስባሽ ነው። ጉድጓድ ቆፍረው የወጥ ቤት ልጣጭ፣ የደረቀ ቅጠል፣ እበትና ጥቂት አመድ በየተራ ይደረድራሉ። ውሃ እያርከፈከፉና በየጊዜው እያገላበጡ ሦስት ወር ያህል ካቆዩት በኋላ ጥቁርና ፍርፍር አፈር ሆኖ ያገኙታል። ጎመን ሲለቅሙ የታችኛውን ቅጠል ብቻ ወስደው እምብርቱን ስለሚተዉ፣ አንዱ ግንድ ለብዙ ወራት ያገለግላቸዋል። የአትክልት ማጠቢያውም ውሃ አይደፋም፤ ወደ መደቡ ይሄዳል።

እንሰቱን ያስተማሯቸው የሲዳማ ተወላጅ የሆኑ ጎረቤታቸው ናቸው። ያልደረሰ እንሰት ተነቅሎ አምቾው ከተቆረጠ በኋላ፣ የመካከሉ እምብርት ወጥቶ ከእበት ጋር ቢቀበር፣ ከአንዱ ብዙ ችግኝ እንደሚወጣ ያሳዩአቸው እርሳቸው ናቸው። እንሰት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። የዛሬ ስድስት ዓመት የተተከለው አምና ደርሶ፣ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ፍቀውላቸው ቆጮ ሆነ።

በበልጉ ወራት የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ ሲከበርም እማማ ከጎረቤታቸው ቤት አልቀሩም። ይህ በዓል በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ሲሆን፣ ቀኑን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚመለከቱት አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ናቸው። ከቆጮ፣ ከቅቤና ከወተት የሚዘጋጀው ቡርሳሜ ቀርቦ ሁሉም በአንድ ገበታ በላ። «እሷ ለገብርኤል ዝክር ትመጣለች፣ እኔ ለፍቼ እሄዳለሁ፤ እንሰቱም ያገናኘን እሱው ነው» ይላሉ እማማ።

ከዚሁ ጓሮ የተረፈው ጎመንና አቮካዶ ለሰፈሩ ጉልት ቸርቻሪዎች ይሸጣል። ገንዘቡ የሚገባው በአንድ አሮጌ የወተት ጣሳ ውስጥ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ የጥላው መግዣና የመንገዱ ወጪ የተጠራቀመው በዚህ ጣሳ ነው።

የሥራው ጥሪ

በሐዋሳ በ2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ በልብስ ፋብሪካ የምትሠራ ወጣት እናት በየሰፈሩ አትታጣም። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለአባትም 3 ተከታታይ ቀናት ተፈቅደዋል። የእማማ ልጅ ይህን ፈቃድ ጨርሳ በየካቲት መጀመሪያ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ሕፃንዋ ገና አራት ወርዋ ነበር። ሕፃን እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ምንም እንዳይቀምስ የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። እንግዲህ ምን ይደረግ?

እናትየዋ ጡትዋን እያለበች ማስቀመጥ ጀመረች። የታለበው ወተት በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ይገባል፤ ከፍሪጅ ውጭ ግን በቀዝቃዛ ቦታም ቢሆን ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይም። እማማ በፈላ ውሃ በተቀቀለ ሲኒ ቀስ አድርገው ያጠጣሉ እንጂ ጡጦ አልተጠቀሙም። ስድስት ወር ሲሞላት ቀጭን ገንፎ፣ የተፈጨ አቮካዶና ካሮት ተጨመረላት። ክትባትዋንም በየቀጠሮው ያስከተቡ እማማ ናቸው፤ በሰኔ መጨረሻ ዘጠኝ ወር ሲሞላት የኩፍኝ ክትባትዋን አገኘች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሐምሌ ደረሰ። ጥላው በቁም ሣጥኑ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እማማ ግን ስለ መንገዱ ትንፍሽ አላሉም። አንድ እሑድ ማታ ለጎረቤታቸው፣ «ልጅቱን ለማን ጥዬ እሄዳለሁ? ጥላውን በሰው እልከዋለሁ» ሲሉ ልጃቸው ከጓዳ ሰማች። ወጥታም፣ «እማዬ፣ ስለቱ የተሳለው ለእኔ ነው፤ አንቺ ካልሄድሽ እኔ ምን እንቅልፍ ይወስደኛል?» ብላ አለቀሰች።

በዚያው ምሽት ቤተሰቡ ተቀምጦ መከረ። ልጅቱ ከዓመት ፈቃድዋ አራት ቀን ልትጠይቅ ተስማማች፤ አዋጁ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየጨመረ ይሰጣልና። ባለቤትዋ ባጃጁን ከሰዓት በኋላ አቁሞ ቤት ሊውል ቃል ገባ። በዚያው ክረምት ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በግብርና የተመረቀው የትልቅዋ ልጅ ልጅ ደግሞ ጓሮውን ተረከበ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

መንገዱ

በሐምሌ 16 ንጋት እማማ ከማኅበር ጓደኞቻቸው ጋር ተሳፈሩ። ስንቃቸው በሶና ዳቦ ቆሎ ነበር። ሻሸመኔን፣ ባቱን፣ ሞጆን አልፈው አዳማ አደሩ። በማግሥቱ በመተሐራና በአዋሽ ሙቀት አልፈው ወደ ጭሮ ተራራ ሲወጡ ዝናብና ጉም ተቀበላቸው። ቁልቢ የደረሱት በሦስተኛው ቀን ነው።

በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘውን የቁልቢ ገብርኤልን ደብር ያሠሩት ራስ መኮንን ናቸው። ከዓድዋ ድል ጋር ስሙ የሚነሣው ይህ ቦታ ዛሬም ስለት አግቢው ብዙ ነው፤ ጥላ፣ ምንጣፍ፣ ጧፍና ዕጣን የያዘ፣ ልጁን በጀርባው ያዘለ፣ በእግሩ የመጣ ሁሉ ይገኝበታል። እማማ ሌሊቱን በማሕሌቱ አሳልፈው ጠዋት ጥላቸውን አስረከቡ። «ምን ብለው ጸለዩ?» ስንላቸው፣ «የሁሉንም ስም ጠራሁ። ከዚያ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥሁ። ማንም ‹እማማ› ብሎ የማይጠራኝ ቀን ከስንት ዓመት በኋላ አገኘሁ መሰለህ!» ብለው ሳቁ።

በቤት የቀሩት

ቤት የቀሩት ግን ቀላል ቀን አላለፉም። አባት ያገነፋው ገንፎ ጓጎለ፤ ሕፃንዋም ተፋችው። በሁለተኛው ቀን ውሃውን አስቀድሞ አፍልቶ፣ ዱቄቱን በቀዝቃዛ በጥብጦ መጨመርን ተማረ። ልጅቱ ደግሞ እናትዋ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ የሚሠሩትን በደብተር ትጽፍ ጀመር፤ እስከ ማታ ሃያ ሦስት ሥራ ቆጠረች። የግብርና ምሩቁም አረም መስሎት ኮሰረቱን ከነሥሩ ነቀለው!

እማማ በሐምሌ 21 ማታ ጸበል ይዘው፣ ከመንገድ ከአንዲት ባላገር ሴት የገዙትን ለዘር የሚሆን ድንች ቋጥረው ተመለሱ። ስለ ኮሰረቱ ለምሩቁ ያሉት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ዲግሪህን አሳየኝ እስቲ»። በማግሥቱም ከጎረቤት ቁራጭ ተለምኖ እንደገና ተተከለ።

በደብተር የተጻፈው ዝርዝር ዛሬ በግድግዳው ላይ ተለጥፏል። በየሥራው አንጻር ስም ተጽፏል፤ የእማማ ስም ግን ሁሉም ላይ አይደለም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የእርሳቸው ነው፤ ወደ ማኅበር ቢሄዱ፣ ጓሮ ቢቀመጡ፣ ቢተኙም የሚጠይቃቸው የለም።

ውድ አንባቢያን፣ በተለይም ሠራተኛ እናቶች፣ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው አለን። አያት የምትሰጠን ጊዜ ስጦታ እንጂ ግዴታዋ አይደለም። እርስዋም የምትከፍለው ስለት፣ የምትጠይቀው ወዳጅ፣ ማረፍ የሚሻ ጉልበት አላት። ይህን የምትናገር አያት ግን ጥቂት ናት፤ እኛው አስቀድመን እንጠይቃት። በዓመት ፈቃዳችን ስንጠቀም ለእርስዋ ዕረፍት ጥቂት ቀን እናስብ። አባቶችም ልጅ መያዝንና ገንፎ ማገንፋትን አያቲቱ በጤና ሳለች ቢማሩ፣ የጨነቀ ቀን አይደናገጡም።

ስንሰናበታቸው ለአዲሱ ዓመት ምን እንዳሰቡ ጠየቅናቸው። ሕፃንዋን በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ «ባቱ ሐይቅ ውስጥ ደብረ ጽዮን ማርያም የምትባል ደሴት አለች ይሉኛል። በጀልባ ነው አሉ የሚኬደው። ስለት የለብኝም፤ እንዲሁ ለምስጋና ብሄድስ?» አሉ። ልጃቸው ከጓዳ ሆና፣ «ቀኑን ብቻ ንገሪኝ፣ እማዬ» ስትል ሰማናት።