ሳይሞት የሚቀበር ባትሪ
በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መኪናን የሚያቆመው ገመድ በግራም ሲመዘን

ከእንጦጦ ጀርባ ያለችው ሱሉልታ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይዟት ትነቃለች። በዚያ ሰዓት በጎጃም መንገድ ዳር ያደረ ሚኒባስ ወይም ወተት ጫኝ ፒካፕ ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ፣ ረዳቱ ሰው ለግፊ ይጠራል፣ ሹፌሩ ባትሪውን ይረግማል። ነገሩን የለመደ ሹፌርማ ማታውኑ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ቁልቁለት አዙሮ ነው የሚያቆመው። ባለንብረቱ በሳምንቱ አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ አሮጌው ለቆራሌው ይሄዳል።

ለመሆኑ ባትሪው በእርግጥ ሞቶ ነበር? ብዙ ጊዜ አዎን። ነገር ግን ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ያለውን ገመድ ሳይፈትሹ ባትሪ መግዛት፣ ሐኪም ሳያዩ መድኃኒት እንደ መግዛት ነው። ገመዱ የባትሪውን ዋጋ ሩብ እንኳ አያወጣም። ገበያ ውስጥ የሚንሸራሸረው ገመድ ግን ሁሉም መዳብ አይደለም።

ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። የየራሳቸው ጠባይ ግን አልጠፋም። ሰበታ በጅማ መንገድ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ቡራዩ የአምቦ መንገድ በር ናት፤ ሱሉልታ ደግሞ ወተቷንና ድርቆሿን ወደ አዲስ አበባ ትልካለች። የጋራቸው የሆነው ነገር ቢኖር ጎሕ ሳይቀድ ሥራ የሚጀምር መኪና ብዛት ነው። ለሚኒባስ ባለቤት የጠዋቱ ምልልስ ከቀኑ ገቢ ወፍራሙ ነው። መኪናው ሁለት ሰዓት ቆሞ ከዋለ፣ በገመድ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ በዚያው ጠዋት ተመልሶ ይከፈላል።

ይህ ጸሐፊ የተማረው ኢኮኖሚክስ ነው፤ የሚከተለው ስሌት ግን ከአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ አያልፍም። የናፍጣ ሚኒባስ ሞተሪኖ ሲነሳ ለጥቂት ሴኮንዶች 300 አምፔር ገደማ ይስባል እንበል። ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ሜትር፣ በማሳው በኩል አንድ ሜትር፣ በድምሩ ሁለት ሜትር ገመድ አለ። ገመዱ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር ንጹሕ መዳብ ከሆነ በመንገድ የሚጠፋው 0.3 ቮልት ብቻ ነው። 16 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነና ውስጡ አሉሚኒየም፣ ላዩ መዳብ የተለበጠ ከሆነ ግን 1 ቮልት ያህል ይጠፋል። ባትሪ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ የማስነሳት ጉልበቱ ከሞቃት ቀኑ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ የሞተሩ ዘይትም ይወፍራል። በእንዲህ ያለው ጠዋት ከ10 ቮልት ላይ አንዱን ገመድ ከበላው፣ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም። በቀትር ያው መኪና ያለ ችግር ስለሚነሳ ደግሞ ገመዱን የሚጠረጥር የለም።

የገበያው ነገር

የሦስቱ ከተሞች መለዋወጫ ሱቆች ዕቃቸውን የሚያመጡት በአብዛኛው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ የሚደርሰው ገመድ ዋጋው በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በመዳብ ዋጋና በዶላር። ሁለቱም በ2016 ዓ.ም. ዘለሉ። መዳብ በግንቦት 12 ቀን በለንደን የብረታ ብረት ገበያ በቶን ከ11,100 ዶላር በላይ ደረሰ። ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀና፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሁለት ሳምንት ሳይሞላ 100 ብርን ተሻገረ።

ፈተናው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። 35 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ሜትር ንጹሕ መዳብ 314 ግራም ይመዝናል። መዳብን በቶን 10,000 ዶላር ብንይዘው የብረቱ ዋጋ ብቻ 3 ዶላር ያህል ነው። በመዳብ የተለበጠው አሉሚኒየም በተመሳሳይ ውፍረት 120 ግራም ገደማ ነው፤ የብረቱ ዋጋም ከግማሽ ዶላር ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ በሜትር 2 ዶላር ተኩል መሆኑ ነው። ስሌቱ እንዲቀል በ100 ብር ብንመነዝረው እንኳ 250 ብር ይሆናል። ሁለቱ ገመዶች ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ቀይ ፕላስቲካቸው አንድ ነው፤ ተቆርጠው ሲታዩም ከሩቅ ሁለቱም ቀይ ናቸው። ከሁለቱ የትኛው ቶሎ እንደሚሸጥ መገመት አያዳግትም።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ ይህንኑ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ጽፎት በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፍሎበታል። ገዢው ደኅናውንና መጥፎውን መለየት ካልቻለ ለሁለቱም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ በዚያ ዋጋ የሚያተርፈው መጥፎውን ያመጣው ብቻ ስለሆነ ደኅናው ዕቃ ከገበያ ይወጣል። ንጹሕ መዳብ የሚያስመጣ ነጋዴ ዛሬ ያለበት ቦታ ይኸው ነው። ጥፋተኛው ደግሞ ሁልጊዜ ቸርቻሪው አይደለም። የሰበታው ባለሱቅ ራሱ ከጅምላ ሻጩ «መዳብ ነው» ተብሎ ሊገዛው ይችላል።

ደግነቱ፣ እንደ አሮጌ መኪና ሳይሆን ገመድ ይመዘናል። 10 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው ፕላስቲኩን ይላጡና በወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ያስቀምጡት። 35 ካሬ ሚሊ ሜትር ከተባለ 31 ግራም መሆን አለበት። 12 ግራም ከሆነ አሉሚኒየም ነው። 20 ግራም ከሆነ ምናልባት መዳብ ነው፣ ውፍረቱ ግን የተባለውን አይደለም፤ ፕላስቲኩ ወፍሮ መዳቡ ቀጥኗል። ሚዛን ከሌለ አንዱን ቀጭን ክር በቢላ ይፋቁት፤ ነጭ ከወጣ አበቃ።

ደላሎችም ሆኑ ገዢዎች ቁጥሩ ላይ ቢጠነቀቁ መልካም ነው። በካሬ ሚሊ ሜትር የተጻፈው ቁጥር ሲበልጥ ገመዱ ይወፍራል፤ በአሜሪካ መለኪያ ግን ቁጥሩ ሲበልጥ ይቀጥናል። የአሜሪካው 2 ቁጥር 33.6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን 4 ቁጥር 21.2 ብቻ ነው። «4 ቁጥር ይበልጣል» ብሎ የከፈለ ሰው ተሸውዷል። ለሚኒባስ ከ35 ባይወርዱ ይመረጣል። ሁለት ባትሪ አያይዘው በ24 ቮልት ለሚሠሩ የጭነት መኪኖች 50 ወይም 70 ይፈለጋል፤ በሁለቱ ባትሪዎች መካከል ያለችው አጭር ገመድም አትረሳ። ከሁሉም በላይ፣ ፋብሪካው ከገጠመው የቀጠነ አይግዙ። የብየዳ ገመድ የሚጠቀሙ ጋራዦች አሉ፤ መዳብ እስከሆነ ድረስ ክፋት የለውም፤ ዘይትና ሙቀት ካገኘው ግን ሽፋኑ ቶሎ ሊበላ ይችላል።

በጣናና በዝዋይ ሐይቅ ሞተር ጀልባ ያላቸውም ገመድ ሲቀይሩ ፈተናቸው ይኸው ነው፤ ያውም ይብሳል። እርጥበት መዳብን ስለሚያረነጅ ለጀልባ የሚመከረው እያንዳንዱ ክር በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ነው። እሱም ላዩ ነጭ ስለሆነ በፋቂያው ፈተና እንዳይሳሳቱ፤ እዚያ ሲፋቅ ቀይ ነው መውጣት ያለበት። ጀልባን ደግሞ ቁልቁለት ላይ አቁሞ በግፊ ማስነሳት የለም።

ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት

ኤሌትሪሻኑ መለኪያውን እንዲያወጣ ይጠይቁት። አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን በሞተሪኖው ላይ አድርጎ ቁልፉ ሲዞር ያንብብ። ከዚያም ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ አካል ይድገመው። በ12 ቮልት መኪና የሁለቱ ድምር ከግማሽ ቮልት ካለፈ ጥፋቱ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ላይ ነው። ብዙ ጊዜም ማሰሪያው ነው፤ ባትሪው ራስ ላይ የሚታየው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በሙቅ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ ይጸዳል፣ ይደርቃል፣ ግራሶ ይቀባል። ያለ ምንም ግዢ የተፈታ ችግር ማለት ነው። ማሳው ሻንሲውን የሚነካበት ቦታ ቀለምና ዝገት ካለበትም ይፋቃል።

መቀየር ግድ ከሆነ ኔጌቲቩ መጀመሪያ ይፈታል፣ መጨረሻ ይታሰራል፤ አለዚያ መፍቻው ሻንሲ ሲነካ እሳት ይነሳል። ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት በመዶሻ ሳይሆን በመጭመቂያ መታሰር አለበት። ሁለቱንም ገመድ ባንድ ጊዜ ይቀይሩ፤ ፖዘቲቩን አድሶ ማሳውን አሮጌ መተው በየጋራዡ የሚታይ ቁጠባ ነው፣ ኤሌክትሪኩ ግን በሁለቱም በኩል ነው የሚያልፈው።

ለሱቅ ባለቤቶች አንድ ሐሳብ አለን። ደረሰኙ ላይ «የባትሪ ገመድ 2 ሜትር» ከማለት «መዳብ፣ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ 314 ግራም በሜትር» ብለው ይጻፉ፣ ሚዛንም ባንኮኒው ላይ ያኑሩ። ከጅምላ ሻጭዎም ይህንኑ ጽሑፍ ይጠይቁ። የሚጽፍልዎ ካጡ፣ ለምን ርካሽ እንደሸጠልዎ አውቀዋል።