መኪናዋ የእኔ፣ ኮምፒውተሯስ የማን?

ከሜልበርን፣ አውስትራሊያ

ነገሩ የጀመረው አንዲት ያገለገለች የናፍጣ ፒክአፕ የገዛሁ ዕለት ነው። አውስትራሊያውያን ‹‹ዩት›› ይሏታል። ቅዳሜና እሑድ የዕድራችንን ድንኳንና ወንበር፣ በሥራ ቀን ደግሞ የሰው ዕቃ እያመላለስኩ የቤት ኪራዬን ልከፍልባት ነበር ሐሳቤ። ሻጩ ‹‹ኮምፒውተሯ ተነክቷል፣ ጉልበቷ ከፋብሪካው ይበልጣል›› ሲለኝ እንደ ምርቃት ቆጠርኩት። እውነትም ትበራለች። ዳገት ስትወጣ ግን ከማርሚታዋ የሚወጣው ጥቁር ጭስ ከኋላዬ ያለውን ሾፌር መስኮት ያስዘጋል።

ፉትስክሬይ አጠገብ አነስተኛ ጋራዥ ያለው አንድ ወዳጅ አለኝ። ሙያውን የተማረው አዲስ አበባ ነው። ከሥሯ ገብቶ ሲወጣ ፊቱ ጠቁሯል።

‹‹አንተ፣ ማጣሪያ የሌላት መኪና ነው እኮ የሸጡልህ!›› አለኝ።

ዲፒኤፍ የሚባለው የጥላሸት ማጣሪያ ቆርቆሮው ተቀዶ፣ ውስጡ ተዝቆ ወጥቶ፣ ተመልሶ ተበይዷል። ከውጭ ለሚያየው ምንም አልጎደለም። ኮምፒውተሯ ደግሞ ማጣሪያውን እንዳትጠይቅ ተደርጋ ተጽፋለች።

ለመሆኑ ይህ እንዴት ይሠራል? አገር ቤት በምናውቃት የድሮ ፒክአፕ የናፍጣውን መጠን የሚወስነው ፓምፑ ነበር፤ መካኒኩ አንዲት ብሎን ሲያዞር ጉልበትም ጭስም ይጨምራል። ዛሬ ብሎኗ ቁጥር ሆናለች። ስንት ናፍጣ ይረጭ፣ በምን ግፊት፣ ቱርቦው ስንት ይንፋ፣ ካምቢዮው የሚሸከመው ጉልበት እስከ ስንት ይሁን፣ ይህ ሁሉ በሠንጠረዥ ተደርጎ በኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጧል። ሠንጠረዡን ለመቀየር በመሪው ሥር ባለችው ባለ 16 እግር ሶኬት ይገባል። ኮምፒውተሩም ዝም ብሎ አያስገባም። አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ትክክለኛውን መልስ አስልቶ ያልመለሰ መሣሪያ በሩ ላይ ይቀራል። አዳዲሶቹ በሶኬት ጨርሶ እምቢ ስለሚሉ ሣጥኑን ፈትቶ ከሰሌዳው ጋር ሽቦ ማገናኘት ይጠይቃል። ፋይሉ ተቀድቶ፣ ተስተካክሎ፣ የማረጋገጫ ድምሩ ታርሞ ይመለሳል። በሚጻፍበት ሰዓት ባትሪው ቢደክም ኮምፒውተሩ ሊሞት ይችላል። ወዳጄ ቻርጀር ሳይሰካ የማይነካው ለዚህ ነው።

የእኔን ሊያነብ ሲሞክር ግን ሌላ ቁልፍ ገጠመው። ቀድሞ የነካካት ሰው ሥራው እንዳይገለበጥበት በላዩ ላይ የራሱን መቆለፊያ አድርጎባታል። ሻጩ የሰጠኝ የስልክ ቁጥር አይሠራም። እንግዲህ አስቡት፣ ገንዘቡን የከፈልኩት እኔ፣ ስሙ በእኔ የዞረ መኪና፣ ውስጡን ለማየት የማላውቀው ሰው ፈቃድ ያስፈልገኛል።

እዚህ አገር ነጻ ጋራዦች ለዓመታት የጮኹት በተመሳሳይ ነገር ነበር፤ ልዩነቱ ቁልፉን የያዙት አምራቾቹ መሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መረጃ በፈቃደኝነት ይካፈላል የሚል ስምምነት ተፈረመ። የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን በ2017 ባወጣው ጥናት ስምምነቱ እንዳልሠራ ገልጾ አስገዳጅ ሕግ ጠየቀ። ሕጉ በ2021 ጸድቆ ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ከ2002 ወዲህ ለተሠሩ ቀላል መኪኖች፣ ኩባንያዎች ለወኪሎቻቸው የሚሰጡትን የጥገና መረጃ ለነጻ ጋራዦችም በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲሸጡ ያስገድዳል፤ ቅጣቱ እስከ 10 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። የስርቆት መከላከያውን ኮድ የሚፈልግ መካኒክ ግን በመጀመሪያ የወንጀል ማጣሪያ ማለፍ አለበት። ወዳጄ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣበት ደንበኛውን በገዛ እጁ ወደ ወኪሉ ይልክ ነበር። የፎርድና የቶዮታ የሜልበርን ፋብሪካዎች በ2016 እና በ2017 ከተዘጉ ወዲህ በዚህ ከተማ በመኪና እንጀራ ለሚበላ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሕጉ ግን ለጥገና እንጂ ጉልበት ለመጨመር የወጣ አይደለም። ማጣሪያውን ማውጣትም በአውስትራሊያ ክልክል ነው። ሰዎች ለምን ያወጡታል ብትሉ፣ ስለሚደፈንባቸው ነው፤ በተለይ በከተማ አጭር መንገድ ለሚነዱ። ጥፋቱም ሁልጊዜ የሾፌሩ አይደለም። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2022 ሀይሉክስን ጨምሮ 264,170 የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች የማጣሪያ ሥርዓታቸው ጉድለት ያለበት ሆኖ መሸጡን ወስኗል፤ የካሣው ስሌት ክርክር እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄዷል። ያም ሆኖ ጥላሸቱ የት ይሄዳል? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የፉትስክሬይና የያራቪል ነዋሪዎች ከመርከብ ወደቡ በሚመላለሱ ከባድ መኪኖች ጭስ ሲማረሩ ዓመታት ቆጥረዋል። እኔም ክትፎዬን የምበላው፣ ልጆቼም የሚማሩት እዚያው ነው። ምን ይዤ ልከራከር?

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ ይህን ሰምቶ ‹‹ያንን ፋይል ለእኔ ዲ ፎር ዲ ላክልኝ›› ብሎኝ ነበር። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ካገደ ወዲህ ያለውን አጥብቆ መያዝ ግድ ሆኖበታል። መካኒኩ ግን አልፈቀደም። መጀመሪያ ነገር የሌላ መኪና ፋይል ነው። ደግሞ ሜልበርን በባሕር ጠለል ላይ ስትሆን አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል። ለዚህ አየር የተጻፈ የቱርቦ ግፊት እዚያ እንዲሞላ ቱርቦው ከአቅሙ በላይ መሽከርከር አለበት። ‹‹ቱርቦውን አቃጥለህ ቤተሰብ እንዳታጣላ!›› አለኝ።

የእኔዋ መፍትሔ አገኘች። ወዳጄ ለአምራቹ የአንድ ቀን ክፍያ ከፍሎ የፋብሪካውን ፕሮግራም አወረደና የነበረውን ሳያነብ ከላዩ ጻፈበት። አዲሱ ማጣሪያ ከሦስት ሺህ ዶላር በላይ አስወጣኝ፤ ሚስቴ እስካሁን ታነሳብኛለች። ፒክአፗ አሁን ዳገት ላይ ታቃስታለች። ባለፈው እሑድ የዕድሩን ወንበር ጭኜ ስወጣ አንድ ጎረምሳ ከኋላ ጡሩምባ ነፋብኝ፤ መስኮቱ ግን ክፍት ነበር።