የቱርቦ ግፊት ንባብ፦ ቁጥሩ ከየት ተነሥቶ ነው የተቆጠረው?

በዚህ ዓምድ ባጭሩ ለማስረዳት የምንሞክረው ስለ ናፍጣ ሞተር ቱርቦ ነው። ርእሱን አይቶ «ይኼ የመካኒክ ነገር ነው፤ እኛን መምህራንን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ አየር ግፊት የምናስተምረው ትምህርት ነው። ያውም ተማሪው «ታዲያ ይኼ ለምን ይጠቅመናል?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙዎቻችን መልስ የምናጣለት ክፍል።

እንደሚታወቀው ሁሉ ቱርቦ አየርን አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ ነው። መነሻው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ በ1905 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ ነው። ይኸውም ተቃጥሎ የሚወጣው ጭስ በማርሚታ በኩል ዝም ብሎ ከሚባክን አንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ ያዙር፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ ያለችው ሁለተኛዋ ተሽከርካሪ ደግሞ ንጹሕ አየር ስባ ወደ ሲሊንደሮቹ ትግፋ ነው። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ናፍጣ በደንብ ይቃጠላል፣ ጉልበትም ይጨምራል። ይህች ዘንግ ከባድ ጭነት ላይ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ትዞራለች። ስለዚህ ግፊቱ ከልክ እንዳያልፍ ጭሱን በጎን የሚያሳልፍ በር አላት፤ ጋራዥ ውስጥ ዌስትጌት ይሉታል። በሩን የሚከፍተው አንድ መግፊያ ብረት ሲሆን፣ ብረቱን በዳዶ ማሳጠርና ማስረዘም ይቻላል። ብዙው ጥፋት የሚመጣው ከዚህች ዳዶ ነው።

አሁን ወደ ንባቡ እንምጣ። በዛሬዎቹ መኪኖች በአየር ማስገቢያው ላይ ማፕ የሚባል ሴንሰር አለ። መካኒኩ ስካነሩን ከመሪው ሥር ሲሰካ ይህ ሴንሰር የለካውን በኪሎ ፓስካል ያሳየዋል። ልብ በሉ፦ ሴንሰሩ የሚቆጥረው ከባዶ፣ ማለትም አየር ፈጽሞ ከሌለበት ተነሥቶ ነው። ፍጹም ግፊት የምንለው ይህ ነው። በድሮው ክብ ጌጅ የሚለካው ግን ሌላ ነው። እሱ ዜሮ የሚለው በዙሪያችን ያለውን አየር ነው፤ ከዚያ በላይ ቱርቦው የጨመረውን ብቻ ይቆጥራል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሁለቱም ግን አንድ ቁጥር አይናገሩም።

በባሕር ወለል ላይ፣ ለምሳሌ ጂቡቲ ወደብ፣ የከባቢ አየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ግፊቱ 76 ያህል ብቻ ነው፤ በሜርኩሪ ዐምድ ብንለካው 760 ሚሊ ሜትር የነበረው ወደ 570 ይወርዳል ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ሲደርሱ 72 አካባቢ ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርድ ሹፌር ደግሞ በአንድ ቁልቁለት ውስጥ ከ10 ኪሎ ፓስካል የሚበልጥ ግፊት ይጨመርለታል። (የጆሮው መደፈን ይነግረዋል እኮ!)

እንግዲህ ስሕተቱ እንዴት እንደሚፈጠር እንመልከት። የመኪናው መመሪያ «የቱርቦ ግፊት 1.1 ባር» ይላል እንበል፤ ይህም በክብ ጌጅ አቆጣጠር 110 ኪሎ ፓስካል ነው። በባሕር ወለል ላይ ስካነሩ 101 ሲደመር 110፣ ማለትም 211 ያሳያል። አዲስ አበባ ላይ ያው ጤነኛ ቱርቦ 76 ሲደመር 110፣ 186 ያሳያል። ቁጥሩን ብቻ የሸመደደ ሰው «25 ጎድሏል፣ ቱርቦው ደክሟል» ይላል።

በሠፈራችን የሆነው ይኸው ነው። አንድ የፒካፕ ሹፌር መኪናው ዳገት ላይ ከበደበት። አንድ ጋራዥ 186ን አይቶ መግፊያ ብረቱን አሳጠረለት። ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተሩ ጉልበቱን ቀንሶ ቆመ፤ የስካነሩም ኮድ ፒ0234፣ ማለትም ግፊት ከልክ በላይ ሆነ። ቀጥሎ «ቱርቦ ይቀየር» ተባለ። ሰውየው የዕቁብ ገንዘቡን ሊከፍል ሲል አንድ አዛውንት መካኒክ የኋላ ጎማውን በእጁ ዳሰሰው፤ ያቃጥላል። ፍሬኑ ተይዞ ኖሯል! ቱርቦው ከመጀመሪያውም ጤነኛ ነበር።

ደግሞ ሒሳቡን ብንገፋበት የዳዶዋ አደጋ ይገባናል። ቱርቦው 211ን በባሕር ወለል ሲሰጥ አየሩን 2.1 ጊዜ ያህል አመቀው ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ 186 ለመስጠት 2.4 ጊዜ ያህል ያምቃል፤ አሁንም ከቆላው የበለጠ እየለፋ ነው። እዚህ 211 ካላመጣህ ብለን ብናስገድደው 2.8 ጊዜ ያህል ማመቅ አለበት። ይኼ ሁሉ የሚገኘው ዘንጓን ይበልጥ በማፍጠን ነው፤ ኩሽኔታዋም ትጎዳለች። ሞተሩን በኮምፒዩተር የሚያዝዙ ብዙ መኪኖች ደጋ ላይ የታዘዘውን ግፊት ራሳቸው ዝቅ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ እንዴት ይነበብ? በመጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ ማፑ ይታያል። አዲስ አበባ ላይ 76 አካባቢ ካለ ደኅና ነው፤ 101 ካለ ግን ሴንሰሩን ወይም ሽቦውን እንጂ ቱርቦውን አንጠርጥር። ቀጥሎ መኪናው ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ ነዳጅ ተረግጦ ይነዳል። ቆሞ ማስጮኽ ብዙም አያሳይም፤ ጭነት ከሌለ ቱርቦ በቂ ግፊት አይሰጥምና። ስካነሩን የሚያነበው ሌላ ሰው ይሁን፤ ሹፌሩ ዐይኑን ከመንገድ አይንቀል። በዚህ ጊዜ የታዘዘውና የተገኘው ግፊት ጎን ለጎን ይታያሉ። ተቀራርበው ከሄዱ ቱርቦው ጥፋት የለበትም። የታዘዘው 186 ሆኖ የተገኘው 130 ላይ ከቀረ፣ ብዙ ጊዜም ኮድ ፒ0299 ከወጣ፣ ያኔ በእርግጥ ጎድሏል።

ሲጎድልም ቢሆን ከርካሹ ነው የሚጀመረው። የአየር ፊልትሮው ተደፍኖ ይሆናል። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ወይም ማጥበቂያው ላልቶ ይሆናል፤ የሚያፈስበት ቦታ በዘይት ይረጥባል፣ ሲነዳ ፉጨት ይሰማል፣ ከኋላም ጥቁር ጭስ ይወጣል። ዌስትጌቱ ዝጎ ተከፍቶ ቀርቶ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ሳይታዩ ዳዶ መንካት የተቀደደ ከረጢት ላይ እህል እንደ መጨመር ነው።

በዌስትጌት ፈንታ በውስጣቸው የሚንቀሳቀሱ ክንፎች ያሏቸው ቱርቦዎችም አሉ። የእነሱ ማቆሚያ ብሎን ፋብሪካ ውስጥ በመሣሪያ ተለክቶ የታሰረ ስለሆነ በጋራዥ አይነካም። መግፊያ ብረት ባለው ላይ ማስተካከል የግድ ከሆነ በእጅ ፓምፕና በጌጅ አየር ሰጥቶ፣ ብረቱ መንቀሳቀስ የሚጀምርበትን ግፊት አምራቹ ከጻፈው ጋር ማመሳከር ነው። ማሳጠር ግፊት ይጨምራል፣ ማስረዘም ይቀንሳል። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ዙር አይበልጥም፤ ከእያንዳንዱም ግማሽ ዙር በኋላ እዚያው ዳገት ላይ፣ በዚያው ማርሽ፣ በዚያው ጭነት እንደገና ይነበባል።