የደነገጠ ሰውነትና የጽሕፈት ቤት ሥራ

ማታ በጨለማ መንገድ ስትሄዱ ውሻ በድንገት ቢጮኽባችሁ፥ ውሻ መሆኑን እንኳ ሳትለዩ ልባችሁ ይመታል፤ አፋችሁ ይደርቃል፤ መዳፋችሁም ያልበዋል። ይህ ፈሪነት አይደለም። በኩላሊቶቻችን አናት ላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፤ እነዚህም ከአንጎል የአደጋ ምልክት በደረሳቸው ጊዜ አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። ያን ጊዜ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ያወጣል፤ ደምም ከሆድ ዕቃ እየቀነሰ ወደ ጡንቻዎች ይጎርፋል። የሰውነትን አሠራር ያጠና የነበረው አሜሪካዊው ሊቅ ዋልተር ካነን በ1915 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ይህ ሁሉ ለመታገል ወይም ለመሸሽ የሚደረግ ዝግጅት መሆኑን አስረድቷል። (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ውሻው ካለፈ ዝግጅቱ ይፈታል። አስቸጋሪው ነገር ሊታገሉትም ሊሸሹትም የማይቻለው ስጋት ነው። የአለቃን ቁጣ፥ መልስ ያጣ ማመልከቻን፥ የቤት ኪራይ ዕዳን ሰውነት የሚቀበለው በዚያው በውሻው ዓይነት ነው። ስጋቱ በረዘመ ጊዜ ኮርቲዞል የተባለው ሌላው ሆርሞን በደም ውስጥ ይበዛል፤ እንቅልፍ ይጎድላል፤ የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ በሽታን የመከላከል ኃይልም ይደክማል። ሐንስ ሰልዬ የተባለው ሐኪም በካናዳ ሳለ አይጦችን ለብርድና ለብርቱ ድካም አጋልጦ፥ ዕጢዎቻቸው አብጠው ጨጓራቸውም ቆስሎ ማግኘቱን በ1936 ዓ.ም. ጽፏል።

አይጥ ምን አገናኘን የሚል ቢኖር፥ እናንተን የመንግሥት ሠራተኞችን የሚመለከት ሌላ ምርመራ አለ። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በለንደን ከ17,000 የሚበልጡ የመንግሥት ሠራተኞች፥ ሁሉም ወንዶች፥ ተመርምረው ለብዙ ዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። ልቡ የሚታመመው ኃላፊነት የተሸከመው ሹም ነው የሚል አሳብ በሰፊው ይነገር ነበር። የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው፤ ተላላኪዎችን በመሰሉ ዝቅተኛ ሠራተኞች ዘንድ በልብ ሕመም የሞት መጠን ከከፍተኞቹ ሹማምንት ሦስት እጥፍ ያህል ሆነ። ትምባሆ ማጨስና የደም ግፊት የልዩነቱን ከፊል ብቻ ገለጡት። በ1985 ዓ.ም. ሴቶችም የተጨመሩበት ሁለተኛ ጥናት ተጀመረ፤ በእርሱም በገዛ ሥራቸው ላይ የመወሰን መብት ያነሳቸው ሠራተኞች ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ።

ለእኔ እንደሚመስለኝ፥ ከሹሙ በር ውጭ የሚቀመጠው ተላላኪ ነገሩን ያለ ሐኪም ያውቀዋል። ፋይል መሸከሙ ያን ያህል አያደክመውም፤ መቼ እንደሚጠራ፥ ለምንስ እንደሚጠራ ሳያውቅ ጆሮውን ወደ ደወሉ አቅንቶ መዋሉ ግን ያደክመዋል።