ለጀማሪ የሚስማማው ተራራ የትኛው ነው?

ዋና ለመማር የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያው ቀን የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በሚወርድበት ስፍራ ዘሎ አይገባም። ግልቢያ የሚለማመድም ሰው ያልተገራውን ፈረስ ጫኑልኝ አይልም። ተራራ መውጣትን በተመለከተ ግን ብዙዎቻችን ይህን ማስተዋል እንዘነጋለን። ተራራ ለመውጣት ሲታሰብ በቅድሚያ በአእምሯችን የሚመጣው ከሁሉ የረዘመውና ስሙ የገነነው ተራራ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለጀማሪ የሚስማማ ተራራ በምን በምን እንደሚለይ ማስረዳት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በጂንካ ከተማ የሚማሩ ዐሥር ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያቸው አንድ ተራራ ለመውጣት ተስማሙ እንበል። ለገበያ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ዳገት ወጥተው ያውቃሉ፤ ስንቅ ቋጥረው፣ ተራራን ግባቸው አድርገው የተነሡበት ቀን ግን የለም። የትኛው ተራራ ይሁን በሚለው ላይ ሐሳባቸው በሦስት ተከፈለ። ከፊሎቹ፣ «ከወጣን አይቀር የአገራችንን ትልቁን ተራራ ራስ ዳሸንን እንውጣ» አሉ። ሌሎቹ፣ «ራስ ዳሸን ሩቅ ነው፤ ቅርባችን ያለውን የማጎን ተራራ እንውጣ» ሲሉ ተከራከሩ። የቀሩት ደግሞ ከጂንካ በላይ ወዳለው ወደ አሪ ደጋ የሚወስደውን የገበያ መንገድ መረጡ። በዚህኛው ሐሳብ ብዙዎቹ ሣቁ፤ «ይህማ ገበሬው በየሳምንቱ የሚመላለስበት ነው!» አሉ። እናንተ በመካከላቸው ብትኖሩ የትኛውን ሐሳብ ትደግፉ ነበር? መልሱን አሁኑኑ አትስጡ፤ አስቀድመን መመዘኛውን እንፈልግ።

ለዚህ ጉዳይ ከሌላው ዓለም የምንማረው አንድ ነገር አለ። በብርዳማ አገሮች ተራሮች ላይ እንደ ጥጥ ባዘቶ የመሰለ በረዶ ለወራት ተከምሮ ይቆያል። ሰዎችም ረጃጅም ጠፍጣፋ መንሸራተቻ ከጫማቸው ጋር አያይዘው ከላይ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ይህ ስፖርት ስኪ ይባላል። በአህጉራችንም በሞሮኮና በሌሶቶ ተራሮች ላይ ለዚህ የተዘጋጁ ሥፍራዎች አሉ። በኢትዮጵያ በራስ ዳሸን አናት ላይ አልፎ አልፎ በረዶ ቢጥልም ወዲያው ስለሚቀልጥ ስፖርቱ በአገር ውስጥ አልተለመደም። ሆኖም ሮቤል ተክለማርያም የተባለ ኢትዮጵያዊ ገና ልጅ ሳለ ወደ አሜሪካ ሄዶ ይህን ስፖርት ተማረ። በ1998 ዓ.ም. በጣሊያን አገር በቶሪኖ ከተማ በተደረገው የክረምት ኦሎምፒክ ላይም ኢትዮጵያን ወክሎ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2002 ዓ.ም. በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ በተደረገውም ተካፍሏል።

በእነዚህ የስኪ ሥፍራዎች እያንዳንዱ ቁልቁለት እንደ ክብደቱ በቀለም ይለያል። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሰማያዊ ምልክት ያለበት ቀላሉን፣ ቀይ መካከለኛውን፣ ጥቁር ደግሞ እጅግ አስቸጋሪውን ያመለክታል። በአንዳንድ አገሮች ገና ለሚጀምሩት አረንጓዴ ምልክት ይጨመራል። ስለዚህ አዲስ መጪ ሰው የሚመርጠው በስሙ የታወቀውን ተራራ ሳይሆን ዝቅተኛና ለስላሳ ቁልቁለት፣ አስተማሪና የሕክምና እርዳታ ያለበትን ነው። በእኛ ተራሮች ላይ ግን እንዲህ ያለ የቀለም ምልክት የለም። በመሆኑም ምልክቱን እኛው ራሳችን በጥያቄ መሥራት ይኖርብናል። ጥያቄዎቹም የሚከተሉት አምስት ናቸው።

አንደኛው ጥያቄ፣ «ተራራው ከምንኖርበት ቦታ ምን ያህል ይበልጣል?» የሚል ነው። ጂንካ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ሁለት ነገሮች ይለወጣሉ፤ ብርዱ ይጨምራል፣ አየሩም ይሳሳል። በያንዳንዱ 1,000 ሜትር ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። 4,500 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠለል ላይ ከምናገኘው ከግማሽ ጥቂት ብቻ ከፍ ይላል። ከ2,500 ሜትር በላይ በፍጥነት የሚወጣ ሰው የከፍታ ሕመም ሊይዘው ይችላል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ናቸው። ሕመሙ ጠንካራውንም ሆነ ደካማውን አይመርጥም፤ በሩጫ አንደኛ የሚወጣውን ልጅ ሊጥለው ይችላል። ምልክቱ የታየበት ሰው ወደ ላይ መቀጠል የለበትም። ከባሰበት፣ ማለትም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ ጊዜ ሳይሰጠው ወደ ታች መውረድ አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ «ጉዞው ስንት ሰዓት ይፈጃል?» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ቀላል ስሌት አውጥቷል። ይኸውም ለያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት መያዝ፣ ሽቅብ ለሚወጣው ለያንዳንዱ 600 ሜትር ደግሞ አንድ ሰዓት መጨመር ነው። ለምሳሌ ደርሶ መልሱ 10 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅቡ 600 ሜትር ቢሆን ጉዞው 3 ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። ይህ ግን ለለመደና ለማያርፍ መንገደኛ ነው። ጀማሪዎች ዕጥፉን ቢይዙ ይሻላል። ከጧቱ በ1 ሰዓት የተነሡ እንደ ሆነ ከቀኑ በ7 ሰዓት ይመለሳሉ። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብዙ ሳይቆይ ይጨልማል። ስለሆነም ጨለማ ሳይደርስ ሰፊ ጊዜ የሚተርፍበትን ጉዞ መምረጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ «ወቅቱ ምን ዓይነት ነው?» የሚል ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ዋናው ዝናብ የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በደቡብ ኦሞ ግን ዋናው የዝናብ ወቅት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲሆን፣ አነስ ያለው ደግሞ በመስከረምና በኅዳር መካከል ይውላል። ስለዚህ ለአንዱ ተራራ የተስማማው ወር ለሌላው ላይስማማ ይችላል። በደቡብ ኦሞ ለጀማሪ የሚመረጠው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ነው። ዝናብ በጠገበ ተዳፋት ላይ መሄድ አደጋ እንዳለው መርሳት አይገባም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል። ከሞቱትም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማዳን የሮጡ ነበሩ።

አራተኛው ጥያቄ፣ «እግር ቢወለምጥ፣ እባብ ቢነድፍ፣ ሰው ቢታመም ማን ይደርስልናል?» የሚል ነው። በመንገዱ ላይ መንደር አለ ወይ? ንጹሕ ውሃ ይገኛል ወይ? ጤና ጣቢያው በስንት ሰዓት ይደረሳል? የታመመውን ሰው በቃሬዛ ለማውረድ መንገዱ ይመቻል ወይ? ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት አናቱ ላይ መድረስ ይቻል እንደ ሆነ ነው፤ አስተዋይ ሰው ግን መመለሱን አስቀድሞ ይጠይቃል።

አምስተኛው ጥያቄ፣ «ፈቃዱና መሪው ከየት ይገኛል?» የሚል ነው። ተራራው የብሔራዊ ፓርክ ክልል ከሆነ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። የገበሬ ማሳ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱን ማክበር ይገባል። የአካባቢውን ጸጥታ፣ የወንዙን መሻገሪያና የተሸረሸረውን ጥግ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው በዚያ የሚኖረው ሰው ነው።

አሁን ወደ ዐሥሩ ተማሪዎች እንመለስ። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከጂንካ እስከ ሰሜን ተራሮች መግቢያ እስከ ደባርቅ ድረስ ያለው መንገድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያም በኋላ ከ3,000 ሜትር በላይ ብዙ ሌሊት እያደሩ ለቀናት በእግር መጓዝን ይጠይቃል። በ1,500 ሜትር ላይ ላደገ ጀማሪ ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ራስ ዳሸን በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጥያቄ ይወድቃል።

የማጎ ተራራ ጉዳይ ግን ይበልጥ ትኩረት ይሻል። ቁመቱ 2,528 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሸን በ2,000 ሜትር ያንሳል። ለጂንካም ቅርብ ነው። ይሁንና በማጎ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ስለሚገኝ ያለ ፈቃድና መሣሪያ ከታጠቀ የፓርክ ጠባቂ ውጭ መግባት አይቻልም። በዙሪያው ያለው ቆላ ሞቃት ነው፤ ወባና ፀፀ ዝንብ አለበት። ጎሽ፣ ዝሆንና አንበሳ የሚኖሩበት ምድር ስለሆነ ሰው መንገድ ቢስት የሚጠይቀው መንደር፣ ቢታመም የሚደርስለት ጤና ጣቢያ በአጠገቡ የለም። እንግዲህ ይህ ተራራ በቁመቱ ቢያልፍም በአራተኛውና በአምስተኛው ጥያቄ ይወድቃል። ከዚህም የምንረዳው የተራራ ክብደት በሜትር ብቻ የማይለካ መሆኑን ነው። ዝቅ ያለውና ቅርብ ያለው ሁሉ ቀላል ነው ማለት አይደለም።

የቀረው የተሣቀበት ሦስተኛው ሐሳብ ነው። ከጂንካ ተነሥቶ ወደ አሪ ደጋ የሚወጣው መንገድ በእንሰት፣ በቡናና በእህል ማሳ መካከል ያልፋል። መንደር አይጠፋበትም። ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ሲቆም ሸክም የያዙ ሴቶችና ወንዶች ይወርዱበታል። ከፍታው ቀስ እያለ ስለሚጨምር ሰውነት ሳይደነግጥ ይለማመዳል። ድካም የበረታበት ሰው ከየትኛውም ቦታ ላይ ሊመለስ ይችላል፤ ማታ ሁሉም ከቤቱ ያድራል። «ገበሬው በየሳምንቱ የሚመላለስበት ነው» የተባለው እንደ ነቀፋ ነበር፤ ነገር ግን ሥፍራውን ለጀማሪ ተስማሚ የሚያደርገው ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ሰው የሚመላለስበት መንገድ የሚጠየቅ መሪ፣ የሚጠጣ ውሃና የሚደርስ ወገን ያለው መንገድ ነው።

ይህንም እንኳ ቢሆን ለማይችሉት የበለጠ ዝቅ ያለ መነሻ አለ። የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና ምርምር ማዕከል የሚገኝበት ኮረብታ ከከተማው በላይ ስለሆነ ወደዚያ ወጥቶ ጂንካን ቁልቁል ማየት ይቻላል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይህን ኮረብታ የሚወጣ ተማሪ ከአንድ ወር በኋላ እግሩም ሳንባው እንደ ተለወጠ ራሱ ይመሰክራል።

ሥፍራው ከተመረጠ በኋላ ዝግጅቱ ይከተላል። እግር የለመደው ጫማ፣ የዝናብና የብርድ ልብስ፣ ባርኔጣ፣ ለቀኑ የሚበቃ ውሃና ስንቅ፣ ጥቂት የቁስል መጠቅለያ መያዝ ያስፈልጋል። የት እንደሚሄዱና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ለወላጅ መንገር ግዴታ ነው። ቡድኑ የሚጓዘው በፈጣኑ ሳይሆን በዝግተኛው እርምጃ ልክ ነው። ከመነሣታቸውም በፊት የመመለሻ ሰዓት ይቆርጣሉ። ሰዓቱ ሲደርስ አናቱ ሃምሳ እርምጃ ቢቀረውም እንኳ ፊታቸውን ያዞራሉ። ተራራው ነገም እዚያው ነው፤ ጉልበት አልቆ በጨለማ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ግን ነገን ላያይ ይችላል። ብዙ ሰው የሚወድቀውም በመውጣት ላይ ሳለ ሳይሆን፣ ጉልበቱ ዝሎ ሐሳቡ ከቤቱ በደረሰበት በመውረድ ላይ ነው።

ይህ ማለት ግን ተማሪዎቹ ራስ ዳሸንን ይርሱት ማለት አይደለም። ዘንድሮ የአሪን ደጋ የወጡ ልጆች በሚቀጥለው ዓመት በአርባ ምንጭ አቅራቢያ ወደ ጨንቻ ደጋ ሊሄዱ ይችላሉ። ብርዱንና ስስ አየሩን በዚያ ከለመዱ በኋላ የጉጌን ተራራ ያስቡ ይሆናል። ከዚያም 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የባሌው ቱሉ ዲምቱ፣ በመጨረሻም ራስ ዳሸን ይከተላል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ነው። መሰላሉን ከታችኛው እርከን የጀመረ ሰው ከላይኛው ላይ ይደርሳል፤ ከላይኛው ልጀምር ያለ ግን ከመሬት አይነሣም።

በአጠቃላይ ለጀማሪ መልካም የሚባለው ተራራ ወጥቶ በደኅና የሚመለስበትና ሁለተኛ ለመውጣት የሚመኝበት ነው። በመጀመሪያው ጉዞ የተሠቃየ ሰው ተራራን ዕድሜ ልኩን ይጠላል፤ በመጀመሪያው ጉዞ የተደሰተ ግን ማታ እግሩን እየታጠበ የሚቀጥለውን ተራራ ያስባል።

መልመጃ

1. የማጎ ተራራ ከራስ ዳሸን ያነሰ ሆኖ ሳለ ለጀማሪ ያልተመረጠው ለምንድን ነው? ምክንያቶቹን በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።

2. በጽሑፉ ውስጥ የተዘረዘሩትን አምስት ጥያቄዎች ተጠቅማችሁ በመኖሪያ አካባቢያችሁ የሚገኙ ሁለት ከፍተኛ ቦታዎችን አወዳድሩ። ከሁለቱ ለጀማሪ የሚስማማውን መርጣችሁ ሦስት አንቀጽ ያለው ገላጭ ድርሰት ጻፉ።

3. «ይሁንና»፣ «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም» የሚሉት ቃላት በጽሑፉ ውስጥ ሐሳብን ከሐሳብ እንዴት እንዳያያዙ አስረዱ፤ በእያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።