ያለዕድሜ ማረጥና የሆርሞን ምትክ ሕክምና፦ የአንድ ጥናት ውጤት ወሰን

በሕክምና አገላለጽ ማረጥ የሚባለው የእንቁላል ዕጢዎች ሥራቸውን በማቆማቸው የወር አበባ ለ12 ተከታታይ ወራት ሳይታይ ሲቀር ነው። በበርካታ የምዕራብ አገሮች ይህ በአማካይ በ51 ዓመት አካባቢ ይከሰታል። ከ40 እስከ 45 ዓመት ባለው ጊዜ ሲከሰት ቀድሞ የመጣ ማረጥ ይባላል፤ ከ40 ዓመት በፊት ሲሆን ደግሞ የእንቁላል ዕጢዎች ያለጊዜያቸው እንደ ደከሙ ይቆጠራል። በዕለት ተዕለት ንግግር ሁሉም «ማረጥ» መባላቸው በሕክምናው ረገድ ያላቸውን ከፍተኛ ልዩነት ይሸፍናል።

ያለዕድሜ ለሚመጣ ማረጥ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች መካከል እንደ ተርነር ሲንድረም ያሉ የክሮሞዞም መዛባቶች፣ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በራሱ አካል ላይ የሚያስነሳቸው ሕመሞች፣ የካንሰር መድኃኒትና የጨረር ሕክምና እንዲሁም ሁለቱንም የእንቁላል ዕጢዎች በቀዶ ሕክምና ማስወገድ ይገኙበታል። በብዙ ታካሚዎች ዘንድ ግን ምክንያቱ አይታወቅም። ድንገተኛ የሙቀት ስሜት፣ የሌሊት ላብ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የብልት ድርቀትና የስሜት መለዋወጥ ጎልተው የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። ከዚህ የከፋው ጉዳት ግን በዝምታ የሚመጣ ነው፤ ኤስትሮጅን ለረጅም ዓመታት ሲጓደል አጥንት ይሳሳል፣ በልብና በደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድልም ይጨምራል።

ሕክምናው ይህን ጉድለት ለመተካት የታለመ ቢሆንም፣ ብዙ ታካሚዎችና ሐኪሞች ይፈሩታል። ለፍርሃቱ ዋነኛው መነሻ እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነው «የሴቶች ጤና ኢኒሼቲቭ» የተሰኘ የአሜሪካ ጥናት ነው። ጥናቱ 16,608 ሴቶችን ያካተተ ሲሆን፣ የኤስትሮጅንና የፕሮጄስቲን ጥምር መድኃኒት በወሰዱት ላይ የጡት ካንሰር፣ የስትሮክና የደም መርጋት መጠን ከፍ ብሎ በመታየቱ ከታቀደው ጊዜ በፊት ተቋርጧል። ጭማሪው በዓመት ከ10,000 ሴቶች መካከል 8 ያህል ተጨማሪ የጡት ካንሰር ሕሙማን ነበር።

የዚህ ውጤት ወሰን የሚታወቀው የተጠኑትን ሴቶች ማንነት በመመርመር ነው። ተሳታፊዎቹ ከ50 እስከ 79 ዓመት የሆናቸው ሲሆኑ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 63 ዓመት ነበር። እነዚህ ሴቶች ተፈጥሮ ኤስትሮጅንን በቀነሰችበት ዕድሜ ተጨማሪ ሆርሞን የወሰዱ ናቸው። በ35 ዓመቷ ያረጠች ሴት ግን የምትወሰድላት ሆርሞን እኩዮቿ በገዛ ሰውነታቸው የሚያመርቱትን የሚተካ ነው። ስለዚህ የእርሷ ሁኔታ መነጻጸር የሚገባው ከ63 ዓመት ሴት ጋር ሳይሆን የወር አበባዋ ካልተቋረጠ እኩያዋ ጋር ነው። ሕክምናውን መከልከል ከአደጋ መጠበቅ መስሎ ቢታይም፣ ጉድለቱ ለዓመታት እንዲቀጥል መተው ማለት ነው።

በአሠራር ረገድ ኤስትሮጅን በኪኒን ወይም ቆዳ ላይ በሚለጠፍ መድኃኒት ይሰጣል። በቆዳ በኩል የሚገባው ጉበትን በቀጥታ ስለማያልፍ የደም መርጋት ሥጋት ላለባት ሴት ይመረጣል። ማሕፀን ላላት ሴት ፕሮጄስትሮን መጨመር ግዴታ ነው፤ ኤስትሮጅን ብቻውን ሲሰጥ የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያወፍራል፣ ለካንሰርም ያጋልጣል። ወጣት ታካሚዎች በዕድሜ ለገፉ ሴቶች ከሚታዘዘው ከፍ ያለ መጠን ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ተቃራኒ ምክንያት ከሌለ ሕክምናው ቢያንስ ማረጥ በተፈጥሮ እስከሚመጣበት አማካይ ዕድሜ እንዲቀጥል ይመከራል።

ይህ ማለት ሕክምናው ለሁሉም ይሰጣል ማለት አይደለም። የጡት ካንሰር ይዟት የነበረች ሴት በአብዛኛው ሌላ አማራጭ ይፈለግላታል። በተጨማሪም የእንቁላል ዕጢዎቻቸው ከ40 ዓመት በፊት ከደከሙ ሴቶች ጥቂቶቹ አልፎ አልፎ እንቁላል ስለሚለቁ፣ የምትክ ሆርሞኑ የእርግዝና መከላከያ አለመሆኑ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

እንግዲህ ከማዘዝም ሆነ ከመከልከል በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «ሆርሞን አደገኛ ነውን?» የሚለው ብቻ አይደለም። «ማስረጃው የተገኘው ከየትኞቹ ሴቶች ነው? ይህች ታካሚስ ከእነርሱ አንዷ ናትን?» የሚለውም አብሮ መመለስ አለበት።