ፓስታ በትኩስ ቲማቲምና በለጋ አይብ

ደመወዝ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው በወታደር ቤት የሥጋ ነገር እንደማይነሣ ለአንባብያን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በእንዲህ ያለው ሰሞን ፓስታ በየቤቱ ይቀቀላል፤ ነገር ግን ሥጋ የለውም ተብሎ እንደ ችግር ምግብ በዘይትና በቲማቲም ድልህ ተለውሶ ይቀርባል። በዚህ አንስማማም። የቀላ ቲማቲምና ለጋ አይብ ያገኘ ፓስታ እንግዳ የሚጋበዝበት ምግብ ነው።

ፓስታ ከኢጣልያኖች ጋር የመጣ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመንም በየከተማው የተዛመተ መሆኑ አይካድም። ጠላት ሄደ፣ ፓስታው ቀረ። የሚሠራበት የዱረም ስንዴ ግን ለሀገራችን ባዕድ አይደለም፤ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ሩስያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በማሳዎቻችን ባየው የስንዴ ዘር ብዛት ተደንቋል።

ለ4 ሰው ግማሽ ኪሎ ፓስታ፣ 1 ኪሎ ቲማቲም፣ ሩብ ኪሎ አይብ፣ 1 ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርትና 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። ቲማቲሙ በፈላ ውኃ ለአፍታ ተነክሮ ቢወጣ ልጣጩ በቀላሉ ይለቃል። ቀይ ሽንኩርቱ በዘይት ለስለስ ሲል ነጭ ሽንኩርቱና የተከተፈው ቲማቲም ይጨመር፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከበሰለ በኋላ ጨውና በሶብላ ጣል አድርጎ ማውረድ ነው። እንደ ዶሮ ወጥ ሲያንተከትኩት መዋል የትኩስ ቲማቲምን ጣዕም ማጥፋት ነው።

በፓስታው መያዣ ላይ የሚጻፈው ደቂቃ ለደጋ የተሰላ አይደለም። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ስፍራ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ፓስታው ጥቂት ደቂቃ ይጨምራል። ከቆላ ምድብ ወደ ደጋ የተዛወረች እመቤት «አልበስል አለኝ» ብትል ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። ሰዓት ከማየት አንድ ዘለላ አውጥቶ መቅመስ ይሻላል፤ በውስጡ የሚታየው ነጭ ነጥብ ከጠፋ በኋላ እሳት ላይ ማቆየት ግን ገንፎ ማድረግ ነው። ሲጠነፈፍ ከውኃው አንድ ብርጭቆ ይቀመጥ።

ዋናው ነገር አይቡ ነው። አይባችን ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ እንደ ፎርማጆ አይቀልጥም፤ እሳት ላይ ቢጥዱት ይደርቃል፣ ይፈረፈራል። ስለዚህ ድስቱ ከወረደ በኋላ አይቡን በጎድጓዳ ሳሕን በማንኪያ ጀርባ እያሹ፣ በተቀመጠው ሙቅ ውኃ ጥቂት በጥቂት ማላላት፣ ቢገኝም አንድ የሻይ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ማከል፣ እንደ እርጎ ሲሆን ከፓስታውና ከቲማቲሙ ጋር ማዋሐድ ነው። ከፓስታው የወጣው ስታርች በውኃው ውስጥ ስላለ ሁሉንም ያያይዘዋል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ቤት አይቡንና ቅቤውን ይተወዋል፤ ቲማቲሙ ብቻውንም አያሳፍርም።

አሁን ወደ ባሎች እንምጣ። በግዳጅ ላይ ለጓዶቹ ቀቅሎ የሚያበላ ወታደር፣ ቤቱ ሲገባ የድስቱ ክዳን የት እንደሚቀመጥ አላውቅም ሲል ይሰማል። ይህን አንቀበለውም። ይህ ምግብ ሊጥና ምጣድ አይጠይቅም፤ ውኃው ከፈላ ወዲያ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ባለቤቱ ወራቱን ሙሉ ብቻዋን ቤትና ልጅ ይዛ ከርማለችና፣ ፈቃድ የወጣ ባል በመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ እርሷን አስቀምጦ ሽንኩርቱን ራሱ ይክተፍ። ፓስታው ሲጠነፈፍ ቤተሰቡ በገበታ ዙሪያ ተሰብስቦ ይገኝ፤ አይቡ ከቀዘቀዘ ይጠጥራልና የዘገየ ሰው፣ አለቃም ቢሆን፣ አይጠበቅም።